ጋዙ ተለቆ ሞተሩ ሲጮህ፦ የክራንክ ኦይል ሲል አቀያየር

[ሞተር ሳይክሉ ቆሟል፤ ሞተሩ ይጮሃል]

ይህን ድምፅ ስሙት። እጄ ጋዙ ላይ የለም። ሞተሩ ግን ወደ ሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ወደሚዞርበት ፍጥነት፣ መውረድ እምቢ ብሏል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ካርቡሬተር ነው። እኔም ሮጫለሁ፤ ሦስቴ ፈትቼ አጥቤ የሚኒሞውን ብሎን ስጠመዝዝ ውያለሁ። ካርቡሬተሩ ግን ምንም አልነበረበትም።

የያዝነው ቱ ስትሮክ ነው፤ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ። ክራንኩ፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ በግራና በቀኝ በጎማ ቀለበት ይታሸጋል፤ ኦይል ሲል የምንለው እሱን ነው። ፎር ስትሮክ ላይ ሲሉ ሲያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል፣ መሬቱ ያሳብቃል። ቱ ስትሮክ ተንኮለኛ ነው። ቤንዚንና አየሩ የሚያልፈው በክራንኩ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ በማግኔቱ (ለካንዴላው እሳት በሚያመነጨው ተሽከርካሪ) በኩል ያለው ሲል ከደረቀ አየር ይሰርቃል። ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይግላል፤ ችላ ካላችሁት ፒስተኑ ይበሳል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ከሆነ ደግሞ የማርሽ ዘይት ይሳባል። ማርሚታው በጭስ ይታፈናል፣ ዘይቱም ጠብ ሳይል ይጎድላል።

የዛሬው የማግኔቱ በኩል ነው። የፍሪሲዮኑ ብዙ መፍታት አለው፤ አንዳንድ ሞተር ላይ የሞተሩን ቤት ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል።

ክዳኑን፣ ከዚያ የማግኔቱን ዳዶ ፍቱ። ማግኔቱን በፑለር፣ ስቦ በሚያወጣው መሣሪያ፣ አውጡት። በመዶሻ አትምቱት! ግማሽ ጨረቃ የምትመስለዋን ትንሽ ብረት፣ ቁልፏን፣ እንዳትጥሏት። ከጀርባ ያለውን የኮይል ሳህን ከመፍታታችሁ በፊት በሳህኑና በቤቱ ላይ አንድ ጭረት አሳርፉ። ያለዚያ ስትመልሱት የካንዴላው እሳት ሰዓቱን ይስታል።

[ቅርብ ምስል፦ የክራንኩ ጫፍ]

ገና ሲሉን አትንኩ። ክራንኩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ያለቀው ኩሽኔታው ነው፤ አዲስ ሲል ብትከቱም ብዙ አይቆይም።

አሮጌው ሲል እንዲህ ይወጣል። ፊቱ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ሁለት ቀዳዳ፣ ጥልቀት ሳይበዛ። ከጀርባው ኩሽኔታ አለ! መሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ግራሶ ቀቡ፣ ብናኙን ይይዝላችኋል። ትንንሽ ብሎን አስገቡና በፒንሳ ሳቡ። በካቻቢቴ መፈንቀል ይፈጥናል፤ ግን አንድ ጭረት ክራንኩ ላይ ካሳረፋችሁ አዲሱም ያፈሳል። የሲሉ ከንፈር፣ ክራንኩን የሚነካው የውስጥ ጠርዙ፣ ያረፈበትን ቦታ በጥፍር ዳስሱ፤ ጥፍራችሁ ከያዘ ቦታው ተበልቷል።

መጠኑ አሮጌው ላይ ተጽፏል፦ የውስጥ፣ የውጭ፣ ውፍረት፣ በሚሊሜትር። ስትገዙ ይዛችሁት ሂዱ።

አዲሱን ከንፈር ግራሶ ቀቡት። የክራንኩን ጥርስና የቁልፏን ጉድጓድ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሉ፤ ከንፈሩን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። በውስጡ ሞላ ያለበት ፊት ወደ ሞተሩ ይዙር። ከሲሉ የውጭ ጠርዝ ጋር የሚስተካከል ቧንቧ ደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉ፤ በፊት የነበረበት ጥልቀት ላይ ሲደርስ አቁሙ።

ፕላስቲኩን አውጡ። ማግኔቱ የሚያርፍበትን ሾጣጣ በቤንዚን ጥረጉት፤ ቅባት ካለበት ማግኔቱ አይጨብጥም። የኮይል ሳህኑን በጭረቱ ልክ፣ ከዚያ ቁልፏን፣ ማግኔቱን፣ ዳዶውንና ክዳኑን መልሱ።

[ሞተሩ ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል]

አትደንግጡ። ጩኸቱን ለማብረድ የጠመዘዝኩት ሚኒሞ ነው። ወደ ቦታው እየመለስኩት ነው።