ግሪኒች ቪሌጅ፦ የኤድስ ትግል የተጻፈበት ሰፈር

[ምስል፦ ነጭ የብረት ዳስ ያለው ትንሽ መናፈሻ]

ያለነው ኒውዮርክ፣ ግሪኒች ቪሌጅ ነው። ይህ ባለ ሦስት ማዕዘን ነጭ ዳስ በኤድስ ላለቁት ከ100,000 በላይ የከተማዋ ነዋሪዎች መታሰቢያ ነው፤ የተመረቀው በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም የኤድስ ቀን ነው። እዚህ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፊት ለፊቱ የነበረው ቅዱስ ቪንሰንት ሆስፒታል በ1984 ለኤድስ ሕሙማን ብቻ የሚያገለግል ክፍል ከፍቶ ነበር፤ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የመጀመሪያው ነው። ሆስፒታሉ በ2010 ተዘጋ፤ ዛሬ በቦታው መኖሪያ ቤቶች አሉ።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፖስተር]

በ1987 መጀመሪያ የማንሃተን ግድግዳዎች ላይ ይህ ፖስተር ብቅ አለ። መደቡ ጥቁር፣ መሐሉ ላይ ሮዝ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩ በነጭ፦ «ዝምታ = ሞት»። ናዚዎች በማጎሪያ ካምፕ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችን የሚለዩት በዚሁ ምልክት ነበር፤ ያኔ ጫፉ ወደ ታች ያመለክት ነበር። ፖስተሩን የሠሩት ስድስት ወዳጆች ወደ ላይ ገለበጡት። የከሳ በሽተኛ ፊት የለበትም፣ እዘኑልን አይልም። ኃይሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

[ምስል፦ 13ኛው ጎዳና፣ የቀይ ጡብ ሕንፃ]

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደራሲው ላሪ ክሬመር በዚህ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የማኅበረሰብ ማዕከል ሲናገር ከታዳሚው ሁለት ሦስተኛውን ከመቀመጫው አስነሣና በአምስት ዓመት ውስጥ ልትሞቱ ትችላላችሁ አላቸው። በቀናት ውስጥ አክት አፕ የተባለው የኤድስ ታጋዮች ቡድን ተመሠረተ።

ሁለተኛ ፎቅ እንውጣ። ሠዓሊው ኪት ሄሪንግ በ1989 የወንዶች መጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር መስመር ሞላው፤ ሥዕሉ ከኤድስ በፊት የነበረውን የፍቅር ነፃነት ያወሳል። ሄሪንግ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ያውቅ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ31 ዓመቱ አረፈ።

[ምስል፦ ዎል ስትሪት]

ኤዜድቲ የተባለው የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት በ1987 ሲፈቀድ የዓመት ወጪው 10,000 ዶላር ገደማ ነበር። በመስከረም 1989 የአክት አፕ አባላት ሐሰተኛ መታወቂያ ደረታቸው ላይ ለጥፈው የአክሲዮን ገበያው ውስጥ ገቡ፤ ከሰገነቱ ጋር ራሳቸውን በሰንሰለት አስረው ጡሩምባ እየነፉ የአምራቹን የባሮውስ ዌልካምን አክሲዮን ሽጡ የሚል መፈክር ዘረጉ። በቀናት ውስጥ ኩባንያው ዋጋውን በ20 በመቶ ቀነሰ። ኢንሹራንስ ለሌለው በሽተኛ ግን ይህም ከአቅም በላይ ነበርና ሰልፉ ቀጠለ።