ስንዴውን ተዉት፣ ብሩን በቀኑ ስጡ
(በደሴ ለወሎ ተወላጆች የመረዳጃ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከአዲስ አበባም ከሌላም ቦታ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ የወሎ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዱአውም ጸሎቱም ተደርጓል። ቡናውም ከኋላ እየተቆላ ነው፣ ሽታው እዚህ ደርሶኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ያዋጣነው ገንዘብ አለ። ጥያቄው ምን እናድርገው ነው። ስንዴና ዘይት ገዝተን በአይሱዙ ጭነን እንላክ? ወይስ ብሩን በቀጥታ ለቤተሰቦቹ እንስጥ? ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። እኔ ብሩ ይሰጥ ከሚሉት ነኝ። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ቀኑን የሳተ ብር እንደ ዘገየ ስንዴ ነው፤ አንዳንዴም ይብሳል። ዛሬ ዋናው ጉዳዬ ይኸው ነው።

ወሎ ላይ ቆሞ ስለ ረሃብ ማውራት ይከብዳል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ 66ትን በዓይናቸው ያዩ አሉ። 77 ያልነካው ቤተሰብ ደግሞ ከየት ይመጣል? እነሱ ባሉበት እኔ ስለ ረሃብ አስተማሪ ልሆን አልችልም። ግን ስለ 66ቱ ረሃብ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ።

ያንን ረሃብ ካጠኑት አንዱ አማርትያ ሴን የሚባል ህንዳዊ የኢኮኖሚ ምሁር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። እሱ እንዳሳየው ወሎ ውስጥ ምርት ክፉኛ ወድቆ ነበር። የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ግን ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልናረም። ጭራሽ ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። ሰው እዚህ በረሃብ እያለቀ እህል በዚሁ በአስፋልቱ ያልፋል ማለት ነው። ለምን? ገበሬው ማሳው ሲከዳው መሸመቻም አጣ። ከብቱን ገበያ ሲያወጣ ጎረቤቱም አውጥቷል፤ ገዥ የለም። ነጋዴ ደግሞ ነጋዴ ነው፣ እህሉን ብር ወዳለበት ይጭነዋል። ይህን ትንታኔ የሚሞግቱ ምሁራን አሉ። መንገድ በሌለበት ደጋ ላይ ብር ቢኖርስ እህሉ ከየት ይመጣ ነበር ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት መልሱ ስንዴ ነበር። በየዓመቱ ጥሪ ይቀርባል፣ መርከብ ይጠበቃል፣ መኪና ይጠበቃል። ስንዴው ሲደርስ አንዳንዱ ሰው በሬውን ከሸጠ ቆይቷል። በ1997 ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራም ሲጀመር ሐሳቡ ተቀየረ። በየዓመቱ እንደሚመጣ የምናውቀውን ችግር ለምን በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ እንቆጥረዋለን ተባለ። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ሲጀመር ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ታቅፎ ነበር፤ ኋላ ላይ ወደ 8 ሚሊዮን ደርሷል። ከዚያ በፊትም እዚሁ መቄት ላይ ሴቭ ዘ ችልድረን በእህል ፋንታ ብር መስጠትን ሞክሮታል። ስለዚህ ነገሩ ለወሎ አዲስ አይደለም።

አሁን ከወረቀቱ ወደ ቤት እንግባ። ደላንታ ውስጥ የማውቃት አንዲት እናት አለች። ስሟን አልጠራም። ባሏ ሞቷል፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ በሬ የላትም። የድጋፍ ብሯን በተቀበለች ማግስት ገበያ አብሬያት ወርጃለሁ። ብሩን ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈታ ቆጠረችው። መልሳ ቆጠረችው። ከዚያ መጀመሪያ የከፈለችው ምን ይመስላችኋል? የቅሬ መዋጮዋን፤ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወራት ተጠራቅሞባት ነበር።

እህል ሳትገዛ! እኔም በሆዴ ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ብያለሁ። ለመዝጋቢ ባለሙያ ቢሆን ይህ ወጪ “ለምግብ ያልዋለ” ተብሎ ይሰፈራል። እሷ ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። ቅሬ ማለት ስትታመም የሚሸከማት፣ ሲሞትባት አፈር የሚያለብስላት፣ ሲቸግራት አንድ ቁና የሚያበድራት ሰው ነው። ከቅሬ የወጣ ብቻውን ነው። ከዚያ ገብስ ገዛች። ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ ለትልቋ ልጅ ደብተር። መጨረሻ ላይ ብዙ ተከራክራ አንዲት ቄብ ዶሮ ገዛች። ዶሮ ሻጩ ሲሰለቸው እሷ አልሰለቻትም።

ስንዴ ብንሰጣትስ ኖሮ? ስንዴ መልካም ነው፣ ማንም አይንቀውም። ግን በስንዴ የቅሬ መዋጮ አይከፈልም፤ ደብተርም አይገዛም። ስለዚህ ትሸጠዋለች። የዕርዳታ ስንዴ በሚታደልበት ሰሞን ደግሞ ሁሉም ይሸጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። የአህያ ኪራይ አለ። የወፍጮ አለ፤ ወፍጮ ቤት በዱቤ አይፈጭም። እኛ ከደሴ ስንልክ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ እንከፍላለን። እሷ ደግሞ እኛ ብዙ የከፈልንበትን ስንዴ በርካሽ ትሸጣለች። ትርፉ ለማን ነው?

የዚያች እናት ነገር በዶሮዋ አላበቃም። መሬት አላት። በሬ ስለሌላት ግን ለእኩል ትሰጥ ነበር። አራሹ ግማሹን ይወስዳል፣ እሷ በራሷ መሬት ላይ በግማሽ ምርት ትቀራለች። ብሩ ሳይቆራረጥ በመጣበት ዓመት አንዱን ማሳ በሬና አራሽ ተከራይታ አሳረሰችው። ምርቱ ሙሉውን ለእሷ ሆነ። ትንሽ ማሳ ናት። ግን ስንዴ አስር ኩንታል ብትቀበል ይህን አታደርግም ነበር። በሬ የሚከራይ ሰው የሚፈልገው ብር ነው፤ በእርሻ ሰዓት፣ ቆጥሮ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ብሩ “በእርሻ ሰዓት” መጣ አልኩ። ከወር በኋላ ቢመጣስ? መሬቱ ተሰጥቷል፣ አልቋል። የደሃ ቤት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይቸግረውም። በልግ በሚያርሰው ደጋ፣ በልጉ ከቀረ፣ ከሰኔ እስከ መኸሩ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። በዚያ ወቅት የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል እንደሚባለው ነው። በጉን በማይረባ ዋጋ ይሸጣል፣ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል፣ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ እረኛ አድርጎ ያስቀጥራል። ሐምሌ ላይ የተበደረውን እህል ታኅሣሥ ላይ ከነወለዱ ከአውድማው ይሰፍራል። ብሩ መስከረም ላይ ቢደርስ ለምን ይሆናል? ለአበዳሪው ነው የሚሆነው። በሴፍቲኔት ላይ በተደጋጋሚ የተሰማው ቅሬታ የመጠኑ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የክፍያው መዘግየትም ነበር። የሦስት ወር ተጠራቅሞ ሲመጣ ሰው ይደሰታል። ግን በጉ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዋጋ ነው። በ1997 የማኅበረሰብ ሥራ ክፍያው በቀን 6 ብር ነበር። አንድ ሰው በወር 5 ቀን ሠርቶ 30 ብር ያገኛል። በወቅቱ ይህ 15 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነው። በ2000 የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ቀድሞት ሄዷል። ያኔ ሰዉ ራሱ ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን አለ። ትክክል ነበር። ብር በጎተራ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ በኋላማ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሱቅ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ መጠኑን ዛሬ ወስነን ለዓመቱ ከተኛን ለሰዎቹ የምንሰጠው በየወሩ የሚሟሟ ነገር ነው።

ብሩ ጠላ ቤት ይገባል፣ ጫት ይሆናል የሚሉ አሉ። ኮሚቴው ውስጥም ተብሏል። አልወቅሳቸውም፤ ሁላችንም አንድ እንደዚያ ያደረገ ሰው እናውቃለን። ግን አንድ ሰው አይተን በሺህ ሰው ላይ እንዳንፈርድ። ከዓለም ባንክ የወጣ አንድ ግምገማ ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። ብር የተሰጣቸው ደሃ ቤተሰቦች በመጠጥና በትምባሆ ላይ ያወጡት ወጪ በጥቅሉ አልጨመረም። ደሞ እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ ደመወዝ በተቀበልን ቀን የት የት እንደምንገባ ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ዋጋ ይወደዳል የሚለው ስጋት የበለጠ ክብደት አለው። ኬንያ፣ ሲያያ በሚባል አውራጃ፣ ጊቭ ዳይሬክትሊ የተባለ ድርጅት ከ10 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ሰጥቶ ነበር። ውጤቱ በ653 መንደሮች ተጠንቷል። ዋጋ የጨመረው በጣም ጥቂት፣ 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ብሩ ሲዘዋወር ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ጭምር ተጠቅመዋል። ባለሱቁ ሸጠ፣ አናጢው ሠራ። ደስ ይላል። ግን ሲያያ የደላንታዋ ወገልጤና አይደለም። እዚያ መኪና ይገባል፣ ነጋዴው በማግስቱ ይጭናል። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ በሚቆረጥበት፣ ገበያው ሁለት ነጋዴ ብቻ ባለበት ቀበሌ ብር ይዞ መሄድ ሁለቱን ነጋዴዎች ማበልጸግ ነው። እዚያ እህል ይሂድ፤ ክረምት ሳይገባ። ጦርነት ሲሆንም እንዲሁ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ባንክ ዝግ፣ ሱቅ ዝግ። ብር ያለውም የሚገዛው አልነበረውም።

ሌላም ልጨምር፣ ብሩ የማይችለውን። ባቲን አልፋ ዓረብ አገር ለመሄድ የቆረጠችን ልጅ እኛ የምንሰጠው ብር አያስቀራትም። የተሸረሸረ መሬትን መልሶ አያለብስም። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ከሌለ ብር አይፈውስም። ግን የጤና መድኅን መዋጮ ይከፍላል፤ ያም ቀላል አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የኛው ተሁለደሬ ነበር። ታማሚ ያለበት ቤት መዋጮውን ከፍሎ ሲገኝ ላሟ በረት ውስጥ ትተርፋለች።

እንግዲህ ብር ይሁን ከተባለ እንዴት? በቴሌብር እንላክ የሚሉ ወጣቶች አሉ። ለአዲስ አበባ ጥሩ ነው። ገጠር ላይ ስልኩ የባል ወይም የልጅ ነው፣ ኔትወርክ ኮረብታ ወጥቶ ይፈለጋል፣ ወኪሉ ጥሬ ብር አልቆበታል። የሚስጥር ቁጥሯን ለወኪሉ ጮክ ብላ የምትነግር እናት አይቻለሁ። ስልክና ኔትወርክ ላለው በስልክ፣ ለሌላው በእጅ ይሁን። በእጅ ሲሆን ደግሞ ወደ ከተማ አናስጠራቸው። አንዲት አሮጊት ለመሳፈሪያ ከፍላ፣ አድራ፣ ከተማ ውስጥ በልታ የምትጨርሰው ብር የኛ ድጋፍ ሳይሆን የመናኸሪያው ድጋፍ ይሆናል።

ማን ይመረጥ ለሚለው ከቅሬ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ማን እንደተራበ፣ ማን አስመሳይ እንደሆነ ቅሬ ያውቃል። ስሙ በሰው ፊት ይነበብ፣ የሚቃወም ይቃወም። ግን አንድ ቀዳዳ አለ። መዋጮ መክፈል አቅቶት ከቅሬ የወጣ ሰው በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ያ ሰው ደግሞ ከሁሉም የደኸየው ነው። የደላንታዋ እናት ለጥቂት ነው ያመለጠችው። ስለዚህ በየቀበሌው ከቅሬው ዳኛ ጋር አንድ ሼህና አንድ ቄስ ተቀምጠው “ከቅሬ ማን ወጥቷል?” ብለው ይጠይቁ። እነዚያን መጀመሪያ ጻፉልን።

ኮሚቴው ዛሬ እንዲወስን የምጠይቀው ይህ ነው። ያለንን ገንዘብ ለብዙ ሰው አንድ ጊዜ ከመበተን ለጥቂት ቤተሰብ በየወሩ፣ በታወቀ ቀን እንስጥ። ቀኑ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ተበዳሪ በቀኑ ተማምኖ ከአራጣ ይሸሻል። የመጀመሪያው ክፍያ ከግንቦት አይለፍ። በየሦስት ወሩ ሁለት ሰው ደሴ፣ ወገልጤናና ቆቦ ገበያ ላይ የገብስና የማሽላ ዋጋ ጠይቆ ይምጣና መጠኑን እናስተካክል። ክረምት መንገድ የሚቆረጥባቸው ቀበሌዎች ተለይተው እህላቸው ሰኔ ሳይገባ ይጫን። ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ ካልበቃ የቤተሰቡን ቁጥር እንቀንስ እንጂ ቀኑን አናዛንፍ።

ስንት እንደተዋጣ ሒሳብ ያዡ አሁን ይነግራችኋል። ማይኩን ለእሱ ልስጥ። ስንዴ ይሻላል የምትሉም ከእሱ ቀጥሎ ተናገሩ፣ ቡናው እስኪደርስ ጊዜ አለን።