የቦይለር ክፍሉ ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፦ የሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶች፣

በዚህ የበርሊን ብርድ ከየሰፈራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከላይፕዚግ በባቡር ስለመጣችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። በዓመቱ አራት የአምቢየንት፣ ማለትም ዝግ ብሎ ቤቱን የሚሞላ ሙዚቃ፣ ምሽቶች አቅርበናል፤ ያረጀውን ሚክሰር ቀይረናል፤ ሁለት ወጣት ክራር ተጫዋቾችም በኤሌክትሪክ ድምፅ ከሚፈጥረው መሣሪያ፣ ከሲንተሳይዘር ጋር ተናብበው መጫወት ጀምረዋል። ዝርዝሩ በጸሐፊያችን ሪፖርት ውስጥ ስላለ እዚህ ላይ ላብቃና ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሳን ጉዳይ ልለፍ። ይኸውም በዐቢይ ጾም ያዘጋጀነው የበገና ምሽት ነው።

የምንከራየው የቀድሞ ፋብሪካ የቦይለር ክፍል ግድግዳው ጡብ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ብረት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ድምፅን አይውጥም፤ ያመላልሰዋል። ከበሮ ቢመታበት አንዱ ምት ሳይጠፋ ሌላው ስለሚደርስ ሁሉም ይደበላለቃል፤ ረጅምና ዝግ ያለ ድምፅ ግን እየሰፋ ይሄዳል። በዚሁ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የኃይል ማመንጫ፣ የዛሬው ክራፍትቬርክ፣ ከ2013 ጀምሮ የበርሊን አቶናል የተባለው የሙከራና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ የሆነው አለምክንያት አይደለም። የእኛው ከእርሱ ጋር ሲተያይ ጓዳ ቢሆንም ጠባያቸው አንድ ነው።

በገና ደግሞ ለዚህ ቤት የተሠራ ይመስለኛል። በአሥሩ ጅማቶችና ጅማቶቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ድምፁን ታስነዝረዋለች። ያን ምሽት ማይክሮፎኑን ከበገናው የድምፅ ሣጥን፣ ከገበቴው አንድ ስንዝር አርቀን ተከልን፤ ሲንተሳይዘሩ ገና አልጀመረም ነበር። ደርዳሪው የመጀመሪያውን ጅማት ሲነካ ከጣሪያው ሥር ያለው የዛገ ቧንቧ አብሮ ነዘረ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ በጸሎት ላይ ያሉ መስሏቸው ነበር። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ረድፍ ዘጠኝ አባላት ተነሥተው ወጡ።

የወጡት ወገኖቻችን በገና የምስጋናና የንስሐ መሣሪያ ስለሆነ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት በኤሌክትሪክ ገመድ ተጠልፎ ሊደረደር አይገባውም ይላሉ። ስለ መጠጡ ልክ ናቸው፤ ባሩን ማዘጋት የእኔ ድርሻ ነበር፣ አላዘጋሁም። ስለ ገመዱ ግን አልስማማም። በገና ለጸሎት በየቤቱ የሚደረደር እንጂ የቅዳሴ መሣሪያ ሆኖ አያውቅም፤ ዕውቁ በገና ደርዳሪ አለሙ አጋም በገናቸውን ይዘው በውጭ አገር የኮንሰርት መድረኮች ላይ ተጫውተዋል፣ በማይክሮፎንም ተቀርጸዋል።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኙ መዋጮ አልከፈሉም፤ የሁለት ወር ኪራይ ዕዳ አለብን። ከገንዘቡ በላይ ግን ሰዉ መቅረቱ በጆሮ ይሰማል። ሁልጊዜ ከዝግጅት በፊት ባዶው ክፍል ውስጥ አንዴ እናጨበጭብና ድምፁ እስኪጠፋ እንቆጥራለን። የሰው ገላና ካፖርት ድምፅ ስለሚመጥ ማታ ሰው ሲሞላ ቆጠራው ያጥራል። በመጨረሻው ምሽታችን የቀኑና የማታው ቆጠራ ያው ሆነ።

ዘጠኙ የማኅበሩ ዓላማ ተለውጦ በገና ከመድረካችን እንዲወጣ ጠይቀዋል። መጠየቅ መብታቸው ነው። ነገር ግን መተዳደሪያ ደንባችን የተለየ ነገር ስለማይል፣ በጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 33 መሠረት ዓላማን ለመለወጥ የሁሉም አባላት ስምምነት ያስፈልጋል፤ በጉባኤው ያልተገኙትም ስምምነታቸውን በጽሑፍ ማስታወቅ አለባቸው። በስልክ የተላከ የድምፅ መልእክት ጽሑፍ አይሆንም። ለውጡን የጠየቁት ራሳቸው በመቅረታቸው ጥያቄያቸውን ተቀብለን ልናስተናግድ፣ ተከራክረን ልንጥልም አልቻልንም። ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቅም።

ከቀሩት አንዱ፣ ማኅበሩ ሲመሠረት የመጀመሪያዎቹን ስፒከሮች በራሳቸው መኪና ጭነው ያመጡ ታላቃችን ናቸው። ጋሼ፣ ይህ ንግግር እጅዎ እንደሚገባ አውቃለሁ። የቦይለር ክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ ዛሬም እርስዎ ዘንድ ነው፤ ይመልሱ ብዬ ሰው አልላክሁም፣ አልልክምም። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የድምፅ ሙከራ አለን። ባሩ ዝግ ይሆናል። ከፈለጉ ይምጡና እዚያው ይውቀሱኝ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ገንዘብ ያዣችን የኪራዩን ሒሳብ ያቀርባሉ።