ሃይድሮጂን በጠጣር ውስጥ የት ተቀመጠ?

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣

እዚህ አራት ኪሎ ስለ ቁሳቁስ ጥናት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው በውስጡ ምን ያህል ምን እንዳለ ነው። ሃይድሮጂንን በተመለከተ ግን ከመጠኑ ይልቅ የተቀመጠበት ቦታ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በጠንካራ አረብ ብረት ውስጥ ተበትኖ ጉዳት ላያደርስ የሚችል ጥቂት ሃይድሮጂን፣ በስንጥቅ ጫፍ ላይ ሲከማች ብረቱን ሳይታጠፍ ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ ድልድይ ላይ ከጠበቁት 96 ትላልቅ ቡሎኖች 32ቱ የተሰበሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በክረምት እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ሳያደርቅ የሚበይድ ሠራተኛም ሃይድሮጂን ወደ ብየዳው ያስገባል።

ይህ አቶም የለመድናቸውን መሣሪያዎች ያመልጣል። ያለው አንድ ኤሌክትሮን በትስስር ላይ ስለሚውል ተለይቶ የሚታወቅበት ራጅ አይሰጥም፤ የሂሊየም ጨረር ብንልክበትም ሂሊየሙ ይከብደዋልና ወደ ኋላ ነጥሮ አይመለስም።

መፍትሔው፣ ለእኔ እጅግ ውብ ሆኖ የሚታየኝ፣ ሃይድሮጂንን በራሱ እምብርት፣ ማለትም በፕሮቶን፣ መምታት ነው። አንዲት ብይ እኩያዋን ከጎን ስትመታት ሁለቱ ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ሁለት ፕሮቶኖችም ሲጋጩ እንዲሁ ይለያያሉ፤ ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ጥንድ ሆነው የደረሱትን ብቻ ስንቆጥር ሌሎቹ አቶሞች የሚፈጥሩት ጫጫታ ይወገዳል። በሙኒክ አጠገብ በጋርሺንግ የሚገኙ ተመራማሪዎች 17 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸውን ፕሮቶኖች ወደ ቀጭን ነጥብ ሰብስበው አልማዝን ነጥብ በነጥብ በመቃኘት፣ ከሚሊዮን አቶሞች አንድ እንኳ የማይሞላ ሃይድሮጂን መለየት በሚችል ዘዴ የሃይድሮጂኑን ስርጭት በሦስት አቅጣጫ ካርታ አሳዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ጥልቀቱ የሚታወቀው ጥንዶቹ በመንገዳቸው ካጡት ጉልበት ሲሆን፣ ሃይድሮጂኑም በአልማዙ ቅንጣቶች ወሰን ላይ ተከማችቶ ተገኝቷል።

ከቁሱ ገጽ አጠገብ ያለውን ሃይድሮጂን ለማጥናት ሌላ መንገድ አለ። የናይትሮጂን-15 (ከተለመደው ከበድ ያለ ናይትሮጂን) አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም፣ ጉልበቱ 6.385 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ሲደርስ ከሃይድሮጂን ጋር ተዋህዶ የታወቀ ጋማ ጨረር ይለቃል፤ ጉልበቱን በጥቂቱ ስንጨምር ይህ የሚሆንበት ቦታ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። መልካ ቁንጥሬ አጠገብ ያለው ባልጩት ከገጹ ጀምሮ ውኃ ቀስ በቀስ የሚጠጣ የእሳተ ገሞራ መስታወት በመሆኑ፣ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው።

ወደ ብረቱ ስንመለስ፣ በፕሮቶን ዘዴ ጥንዶቹ ፕሮቶኖች በናሙናው ጀርባ መውጣት ስላለባቸው ብረቱ እጅግ መሳሳት አለበት፤ ሲሳሳ ከሞቀ ወይም ብዙ ከቆየ ሃይድሮጂኑ ይተናል። ፕሮቶኖቹን የሚያፈጥነው ማሽን የትም ቢሆን፣ የተሰበረውን ቡሎን ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጂን አቀዝቅዞ ማቆየት፣ ከየትኛው መዋቅር እንደወጣ መመዝገብና በጥንቃቄ ማሳሳት እዚሁ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው፤ ተማሪዎቻችን በዚህ እንዲሰለጥኑ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።