ሲስተር፣ አንቺንስ ማን ለካሽ?

ውድ ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ እንኳን ለግንቦት 4፣ ለዓለም አቀፉ የነርሶች ቀን አደረሳችሁ።

ጨው እንደሚጎዳ ላስረዳችሁ አልመጣሁም። በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን እያልን ታካሚ የምንመክረው እኛው ነን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን የቀዘቀዘ ሽሯችን ላይ ጨው ነስንሰን ቆመን እንጎርሳለን። የጎደለን ዕውቀት ስላልሆነ ሌላ ፖስተር ብንለጥፍ ዋጋ የለውም።

የደም ግፊትን እንይ። ታካሚን 5 ደቂቃ አሳርፈን፣ ጀርባውን አስደግፈን፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱን አራቁተን በልቡ ትክክል አሳርፈን፣ ሳያወራ እንለካለን። ሽንቱን ሸንቶ፣ ቡና ከጠጣም 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ባልደረባችን «ራሴን አሞኛል፣ እስቲ ለኪኝ» ስትል ግን ኮሪደር ላይ፣ በሹራቧ ላይ፣ ስለ ዱዩቲ እያወራን ነው። 150/95 ቢወጣ «ድካም ነው» ብለን እናልፋለን። ድካም ሊሆን ይችላል፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ካፍ ለወፍራም ክንድ ሲጠብም ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያወጣዋል። ታዲያ ከ1 ወይም 2 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት፣ በሌላ ቀንም መድገም ነው እንጂ መገመት ምን አመጣው? በሁለቱም ቀን 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ካርድ ይውጣላት።

የባሰው የጉበት ቫይረሱ፣ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ 3 ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 1 ወር፣ ሦስተኛው 6 ወር ቆይቶ ይሰጣል። ሳንወስደው የምንቀረው ሦስተኛውን ነው፤ እስከዚያ ዋርድ እንቀያየራለን፣ ካርዱም ጋውን ኪስ ውስጥ አብሮ ይታጠባል። መርፌ ሲወጋን የምንሮጠው ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ነው። መሮጡ ልክ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ነገር ግን ቫይረሱ ካለበት ደም በመርፌ የመያዝ ዕድል ለኤችአይቪ 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ ሰው ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ያልተከተበ ሰው ክትባቱን ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምር። ተከትበን ከጨረስን ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ በደማችን ያለውን መከላከያ፣ አንቲቦዲያችንን እናስመርምር፤ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒት (mIU/mL) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተከላክለናል።

መርፌ ክዳኑን መልሶ መግጠም ክልክል መሆኑን የማያውቅ እዚህ የለም። የምንገጥመው የመርፌ መጣያው ሴፍቲ ቦክስ ከአልጋው ሲርቅብን ነው። እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላም ይዘጋ።

የዋርድ ኃላፊዎች፣ የዱዩቲ ፕሮግራም ስታወጡ ከስም ጎን ሁለት ዓምድ ጨምሩ፤ ሦስተኛው ክትባት የተወሰደበት ቀን፣ ግፊት የተለካበት ቀን። ቀኑ ይበቃል፣ ቁጥሩ የባለቤቱ ነው።

በሩ አጠገብ መለኪያና ወንበር ተዘጋጅቷል፤ ትልቁም ካፍ አለ። አሁን ቡና የጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ተሰለፉ።