ምርኮኛ ነው የሚመራን?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

በየኖቬምበር 11፣ በካናዳ የዘማቾች መታሰቢያ ቀን፣ እዚህ ቶሮንቶ ስንሰበሰብ የቃኘው ሻለቃን ሳናነሳ አንበተንም። ኮሪያ ዘምቶ አንድም ሰው አላስማረከም እንላለን። እኔም እላለሁ፤ እኮራበታለሁም። ዛሬ ግን ስለ አንድ ምርኮኛ ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

ጆን ፉት ይባላል። የዚሁ የኦንታሪዮ ልጅ፣ ማዶክ የተወለደ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ነው። ኦገስት 19 ቀን 1942 ከሃሚልተን እግረኛ ጦር ጋር ጀርመኖች በያዙት ፈረንሳይ፣ ዲየፕ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ወደ 5,000 ካናዳውያን ዘምተው ከ900 በላይ ሞቱ። ቄሱ ስምንት ሰዓት ያህል በጥይት መሃል ቁስለኛ ሲሸከም ዋለ። በመጨረሻ እሱንም የሚመልሰው ጀልባ ተገኘ። ከጀልባው ዘሎ ወረደ! በእግሩ ሄዶ ለጀርመኖች እጁን ሰጠ። የተማረኩት ልጆች አጽናኝ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ነው። እስከ 1945 ታሰረ።

አጎቴም ምርኮኛ ነበር። በሶማሊያ ጦርነት ተማርኮ በ1980 ዓ.ም. ሲመለስ እኔ ልጅ ነኝ። እንጀራ ሲቀርብለት ግማሹን በልቶ ግማሹን በጋቢው ጫፍ ይቋጥራል። እናቴ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ማታ ማታ ቋጠሮውን ከትራሱ ሥር እናገኘዋለን፤ ደርቆ። በኋላ ሰፈራችን ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ሰው ሲጠቁም አንዱ ስሙን ጠራ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «እጁን የሰጠ ሰው ነው የሚመራን?» አሉ። አጎቴ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ረግጦ አያውቅም።

ከአሥር ዓመት በላይ እስር ቤት የቆየን ሰው! ሳቁ እኮ ጥይት ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሳቅ ነው!

እዚህስ? ቄስ ፉትን እ.ኤ.አ. በ1948 የዱራም ሕዝብ ለኦንታሪዮ ምክር ቤት መረጠው። በ1950 ደግሞ ሚኒስትር ሆነ። የምን ሚኒስትር መሰላችሁ? የማረሚያ ቤቶች! መታሰርን የሚያውቅ ሰው በእስረኞች ላይ ተሾመ። የእኛ ሹማምንት ግን እስር ቤትን የሚያውቁት ከተሻሩ በኋላ ነው። (ሳቁ፣ ግዴለም።)

ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸልሟል። ሃሚልተን ያለው የጦር ሕንፃ በስሙ ይጠራል፤ ስታልፉ እዩት።

ሌላም ጽፌ ነበር፤ ቡናው ስለደረሰ ልተወው። አንድ ነገር ብቻ። በር አጠገብ የቆሙ አባት አሉ። ስገባ «የት ዘመቱ?» ብላቸው፣ «ተማርኬ ነው የመጣሁት» ብለው አንገታቸውን ደፉ። አባቴ፣ እባክዎ ወደ ፊት ይምጡ። ልጆች፣ ወንበር ልቀቁላቸው።