ዑመር ከስሙ በፊት የጻፈው

ዳዊት፦ የዑመር የሕይወት ታሪክ ስንት ገጽ ነው አልሽኝ?

ሰሚራ፦ 15 ብቻ። ዑመር ኢብን ሰዒድ በገዛ እጁ፣ በአረብኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የጻፈው ነው። ያኔ በባርነት 24ኛ ዓመቱ ነበር።

ዳዊት፦ የመጣው ከፉታ ቶሮ ነው አይደል? ከሴኔጋል ወንዝ አካባቢ።

ሰሚራ፦ አዎ። ደግሞ ተራ አንባቢ እንዳይመስልህ፣ ሼሆች ዘንድ 25 ዓመት የቀራ፣ የተማረ ሰው ነው። በ1807 ማርከው ሸጡት፣ በመርከብ አንድ ወር ተኩል ተጉዞ አሜሪካ፣ ቻርልስተን ከተማ ደረሰ። የገዛውን ጆንሰን የሚባል ሰው ሲገልጸው «አላህን ጨርሶ የማይፈራ ከሃዲ» ይለዋል። ከእሱ ጠፍቶ ሰሜን ካሮላይና፣ ፋይትቪል ከተማ ሲደርስ ሊጸልይ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ እዚያው ይዘው አሰሩት።

ዳዊት፦ እኔን ያስደነገጠኝ አጀማመሩ ነው። የሕይወት ታሪክህን ጻፍ የተባለ ሰው፣ ተወለድኩ አደግኩ ሳይል በቁርኣን ይጀምራል።

ሰሚራ፦ ሱረቱል ሙልክ በምትባለው የቁርኣን ምዕራፍ! እኛ ቤት እናቴ ማታ ማታ እሷን ሳትቀራ አትተኛም ነበር፣ ስለዚህ ገጹን ሳየው ሰውነቴ ነው የራደው። መክፈቻዋ ሙልኩ በእጁ የሆነውን ጌታ ታወድሳለች። ሙልክ ንግሥናም ነው፣ ባለቤትነትም ነው። እስቲ አስበው ዳዊት፣ በሕግ የሌላ ሰው ንብረት የተባለ ሰው፣ ታሪክህን ጻፍ ሲሉት መጀመሪያ የጻፈው «ባለቤትነት የአላህ ነው» የሚል ቃል ነው። ባለቤቶቹ ደግሞ አረብኛ ማንበብ አይችሉም። ለእኔ ከ15ቱ ገጽ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ዳዊት፦ ግን እኮ ተጠምቋል። ጽሑፉ ውስጥም ፊት በፋቲሃ፣ በቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ፣ እጸልይ ነበር፣ አሁን ግን በጌታችን በኢየሱስ ቃል ነው ብሎ «አባታችን ሆይ»ን ይጽፋል። እንደ ክርስቲያን ሳነበው ከልቡ ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

ሰሚራ፦ ልቡን እኔም አልዳኝም። ግን ሁለቱንም ጸሎት ሙሉ በሙሉ ጻፋቸው እኮ፣ አንዱን አልሰረዘም። በኋላ ባለቤቱ የሆነውን ጄምስ ኦወንንም ያመሰግነዋል፤ አይመታኝም፣ አያስርበኝም፣ አያራቁተኝም ይላል።

ዳዊት፦ እሱን ሳነብ አለቀስኩ። ለሰው ልጅ ይሄ ምስጋና የሚሆነው ከዚያ በፊት ምን ቢያይ ነው? ኦወን ደግ ነበር ይሉናል። ደግ ከሆነ ለምን ነፃ አላወጣውም? ዑመር በ90ዎቹ ዕድሜው ሲሞት ባሪያ እንደሆነ ነው፤ ባርነት በሕግ ሊቀር የቀረው ጥቂት ጊዜ ነበር።

ሰሚራ፦ የ1857ቱን ወረቀት ነግሬሃለሁ?

ዳዊት፦ የትኛውን?

ሰሚራ፦ በእጁ ከጻፋቸው እስካሁን ከሚታወቁት የመጨረሻው ነው። ከጀርባው ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ «የጌታ ጸሎት»፣ ማለትም «አባታችን ሆይ»፣ ብሎበታል። ፊቱን ገልብጠህ አረብኛውን ስታነብ የቁርኣኗ ሱረቱ ነስር ናት፣ ሰዎች በገፍ ወደ አላህ ሃይማኖት ሲገቡ የምታወሳዋ።

ዳዊት፦ ማንም አላወቀም?

ሰሚራ፦ ማን ያንብበው?

ዳዊት፦ እስቲ አንቺ አንብቢልን።

ሰሚራ፦ ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ኢዛ ጃአ ነስሩላሂ ወልፈትሕ…